ያለ ስፌት የሞራ ገፈፋ፦ አዲሱን ዘዴ ለሚለምድ ቀዶ ሐኪም ዝርዝር መመሪያ

ትልቅ ቁስል ከፍቶ፣ ሞራውን አውጥቶ፣ በክር ሰፍቶ መዝጋት የለመደ እጅ ስፌት ወደማይፈልገው ዘዴ ሲዞር የሚቸገረው ሞራው ላይ አይደለም። ዋሻው ላይ ነው። በነጩ የዓይን ክፍል ውስጥ የሚቦረቦረው ያ ቀጭን መተላለፊያ በደንብ ከተሠራ ቀሪው ይቀናል። ከተበላሸ ግን ጣጣው አያልቅም። አይሪሱ (ባለቀለሙ የዓይን ክፍል) እየወጣ ያስቸግራል፣ ዓይኑ ይላላል፣ ኒውክለሱም (የሞራው ጠንካራ እምብርት) አልወጣም ብሎ ድርቅ ይላል። ስለዚህ እዚህ ዋሻው ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ሌላው ላይ ፈጠን እንላለን።

የምናወራው በባለሙያዎች ዘንድ ኤስአይሲኤስ ስለሚባለው በእጅ የሚሠራ፣ በትንሽ ቁስል የሚጨረስ የሞራ ገፈፋ ነው። አንባቢዬ የዓይን ሕክምና ሬዚደንት፣ ካታራክት ሰርጅን ወይም በስፌት ዘዴ ብዙ የሠራ ነባር ሐኪም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፉ አጠገብ የሚቆምን አሠልጣኝ አይተካም። አሠልጣኝ ሳይኖር በሰው ዓይን ላይ አይጀመርም።

ለምን ይህ ዘዴ?

ፋኮ የሚባለውን፣ ሞራውን በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ የሚመጥጠውን ዘዴ ቻርልስ ኬልማን ከ1967 ጀምሮ ነው ያስተዋወቀው። ድንቅ ዘዴ ነው። ግን ውድ ማሽን፣ የሚጣሉ ዕቃዎች፣ የማይቆራረጥ መብራትና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። በዚያ ላይ እኛ አገር ታካሚው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞራው ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ድንጋይ ካከለ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሞራ ለፋኮ ጀማሪ ፈተና ነው፤ ለኤስአይሲኤስ ግን የዘወትር ሥራ።

በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ የዓይነ ስውርነት መንስኤ ሞራ ነበር። በሽታው በኦፕሬሽን የሚድን ሆኖ ይህን ያህል ሰው በር ላይ የሚጠብቀው የሚሠራ እጅ ስላነሰ ነው።

ውጤቱስ? በኔፓል የካትማንዱው ቲልጋንጋ የዓይን ማዕከል መሥራች ሳንዱክ ሩይት ከአሜሪካውያን ሐኪሞች ጋር ሁለቱን ዘዴዎች አወዳድሮ በ2007 አሳትሟል። 108 ታካሚዎች እኩል ተከፍለው ግማሹ በፋኮ፣ ግማሹ በዚህ ዘዴ ተሠሩ። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 በመቶው በመነጽር ታግዞ 6/18 (ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት) ወይም ከዚያ የተሻለ አየ። ፋኮው በአማካይ 15 ደቂቃ ተኩል ሲወስድ ይሄኛው 9 ደቂቃ ያህል ነበር የወሰደው። ልብ በሉ፣ ያ 9 ደቂቃ የሊቅ እጅ ነው። ለማጅ ሰዓት ማየት የለበትም።

መጀመሪያ ወንበሩ

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የእጅ መንቀጥቀጥ ግን ከፍርሃት ሳይሆን ካልተስተካከለ ወንበር የሚመጣ ነው። ወንበሩን፣ አልጋውንና ማይክሮስኮፑን በዚህ ቅደም ተከተል አስተካክሉ። ጭናችሁ ከአልጋው ስር በነፃነት ይግባ። ጀርባችሁ ቀጥ ይበል። ክርናችሁ ከጎናችሁ አይራቅ። የእጅ አንጓችሁ በታካሚው ግንባር ላይ ወይም በድጋፉ ላይ ይረፍ። ከዚያ እግር፦ የማይክሮስኮፑን ፔዳል ሳታዩ ማስተካከል እስክትለምዱ ድረስ ቢላ አትያዙ። ቢላ ዓይን ውስጥ እያለ ፔዳል በእግር መፈለግ አይቻልም።

ግራ እጅም ይሠልጥን። በዚህ ዘዴ ግራ እጅ ተመልካች አይደለም። ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ይይዛል፣ ዓይኑን ያረጋጋል፣ የጎን ቀዳዳውን ይከፍታል። በትርፍ ጊዜ በግራ እጅ ክር ማሰር ከተለማመዳችሁ በሳምንታት ውስጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ከሰው ዓይን በፊት

ዋሻ በፖም ይለመዳል። ፖሙን በማይክሮስኮፕ ስር አስቀምጡ፤ በልጣጩ ላይ ጉድባ አብጁ፣ ከዚያ የዋሻ መቦርቦሪያውን ክሬሰንት ቢላ ከልጣጩ ስር በአንድ ውፍረት አስገቡ። ልጣጩ ከተበሳ በጣም ወደ ላይ ወጥታችኋል። ሥጋው ውስጥ ገብታችሁ ቢላው ከጠፋ ደግሞ ጠልቃችኋል። የቲማቲም ልጣጭ የሌንሱን ካፕሱል (ስስ ሽፋኑን) በክብ ለመቅደድ ልምምድ ያገለግላል።

ቀጥሎ የፍየል ወይም የበግ ዓይን። ከቄራ ወይም ከሰፈር ሉካንዳ በዕለቱ የታረደውን አምጡ። ያደረ ዓይን ኮርኒያው (ከፊት ያለው መስታወት መሳይ ክፍል) ይደፈርስና ውስጡን ማየት ያቅታል። የላላ ዓይን ላይ ዋሻ አይሠራም፤ ስለዚህ በዓይን ነርቩ በኩል በመርፌ ጨው ውሃ አስገብታችሁ አጠንክሩት። በጎዝ ጠቅልላችሁ በትንሽ ኩባያ ውስጥ አስቀምጡት። ዋሻን፣ የጎን ቀዳዳን፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከልንና ስፌትን በዚህ ትማራላችሁ። ጠንካራ ኒውክለስ ማውጣትን ግን አትማሩም፤ የፍየል ሌንስ ለስላሳ ነው፣ ካፕሱሉም እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ይህን ሳያውቁ በፍየል ዓይን ተመክተው የገቡ ሰዎች በሰው ዓይን ላይ ይደነግጣሉ።

ሰው ሠራሽ የመለማመጃ ዓይን ካገኛችሁ እሰየው። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ ሠልጣኞች ላይ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ከወትሮው ሥልጠና በተጨማሪ በኬፕታውን ለ5 ቀን በሰው ሠራሽ ዓይን ተለማመደ። በቀጣዩ ዓመት ይህ ቡድን በአማካይ 21.5 ኦፕሬሽን ሠራ፤ ሌላው 8.5። የኋላ ካፕሱል መቀደድ በተለማመዱት 7.8 በመቶ ሲሆን ባልተለማመዱት 26.6 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት የታካሚ ዓይን ነው። «ጊዜ የለንም» የሚል የሥልጠና ክፍል ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ አይከፋም።

አንድ ምክር ልጨምር። ልምምዱን በስልክ ቅረጹት። ማይክሮስኮፑ ላይ የሚገጠም የስልክ መያዣ ብዙ አያወጣም። ማታ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት እጃችሁ የሠራውንና የሠራ የመሰላችሁን ትለያላችሁ።

በሰው ላይ ከመጨረሻው ጀምሩ

በፖምና በፍየል ዓይን ላይ የመጀመሪያው ሥራችሁ ዋሻው ይሁን። በሰው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋሻው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። አሠልጣኙ ኦፕሬሽኑን ጀምሮ ኒውክለሱን ያወጣል፤ እናንተ ቪስኮውን (ዓይኑን ሞልቶ የሚይዘውን ዝልግልግ ፈሳሽ) አጥባችሁ ቁስሉን ትፈትሻላችሁ። ያ ሲለመድ ሌንስ መትከል። ቀጥሎ ኮርቴክስ (በኒውክለሱ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ የሌንስ ክፍል) መምጠጥ። ቀጥሎ ኒውክለስ ማውጣት፣ ከዚያ ካፕሱል መክፈት፣ በመጨረሻ ዋሻው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፊት ከጀመራችሁ የራሳችሁ ዋሻ ብልሽት ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ያከብድባችኋል፤ የትኛው ስሕተት ከየት እንደመጣ እንኳ አይለይም። ከኋላ ስትጀምሩ ግን ሁልጊዜ በደንብ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ነው የምትሠሩት። ጥሩ ዋሻ ምን እንደሚመስል እጃችሁ ቀድሞ ያውቀዋል።

ቀናቱም ይቀራረቡ። በሳምንት አንድ ታካሚ እየሠሩ መማር እጅን እንዲረሳ ያደርጋል። ሩይትና ጀፍሪ ታቢን በ1995 የመሠረቱት የሂማሊያን የሞራ ፕሮጀክት በመቐለው ኩዊሃና ከሐረር አጠገብ ባለው ቢሲዲሞ ያካሄዳቸው ዓይነት ሰፊ ዘመቻዎች ብዙ ታካሚ በአንድ ሳምንት የሚሠራባቸው ናቸው። አሠልጣኙ ፈቃደኛ ከሆነ ለማጅ በእንዲህ ያለ ሳምንት ረዳት ሆኖ ቢገባ ብዙ ይቀስማል። ሙሉውን ኦፕሬሽን ለመጀመር ግን ዘመቻ ቦታው አይደለም። ሰልፉ ያጣድፋል።

የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች መምረጥ

ብሌኑ በጠብታ በደንብ የሚሰፋ፣ ኮርኒያው ጥርት ያለ፣ የፊተኛው ክፍል (በኮርኒያውና በአይሪሱ መካከል ያለው) ጥልቅ የሆነ፣ ሞራው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ ተረጋግቶ የሚተኛ ታካሚ ይሁን። ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ለጀማሪ እጅ አይመችም።

እነዚህን ለአሠልጣኙ ተዉ፦ አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው፣ ጥቁር ቡናማ ሞራ፣ ጠብታ የማያሰፋው ብሌን፣ በጉዳት የመጣ ሞራ፣ ሌንሱ የሚርገበገብ ዓይን። በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ የሚታይበት ሱዶኤክስፎሊየሽንም እንዲሁ። በእኛ አገር አረጋውያን ላይ ይህ ችግር ብዙ ነው። ሌንሱን የያዙት ክሮች የላሉ ስለሚሆኑ ሌንሱ በቀላሉ ይነቀላል። ጠብታ ከመጨመሩ በፊትም በኋላም በስሊት ላምፕ (በዓይን መመርመሪያው ማይክሮስኮፕ) ፈልጉት። አንዱን ጊዜ ብቻ ያየ ያመልጠዋል።

ትራኮማ ባለበት አካባቢ የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየት ግዴታ ነው። ፀጉሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው መጀመሪያ ቆቡ ይስተካከልለት። የእንባ ከረጢቱንም ተጫኑት፤ መግል ከወጣ ኦፕሬሽኑ ይቆያል። የሌንስ ቁጥር ልኬት ደግሞ ያለ ቀልድ ይሠራ። ጥሩ ኦፕሬሽን በተሳሳተ የሌንስ ቁጥር ይበላሻል።

ታካሚው በሠልጣኝ እንደሚሠራና አሠልጣኝ አጠገቡ እንደሚቆም ይነገረው። ብዙዎች እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፤ ወረፋቸው አይነካ።

ዋሻው

ማደንዘዣው ተሰጥቶ፣ 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ 3 ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ ዓይኑ በድራፕ (በንጹሕ የኦፕሬሽን ጨርቅ) ተሸፍኖ የላይኛው ጡንቻ በክር ተይዟል እንበል። ኮንጀንክቲቫውን (ነጩን የሚሸፍነውን ስስ ቆዳ) ከኮርኒያው ጠርዝ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ግለጡ። የሚደማውን በቀስታ ተኩሱ። ነጩ እስኪጠቁር አትተኩሱ፤ የተቃጠለ ነጭ ይኮማተርና በኋላ የእይታ መዛባት ያመጣል።

ጉድባው ከኮርኒያው ጠርዝ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሁን። ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር፤ ለትልቅ ጠንካራ ሞራ ትንሽ ይጨመራል። ጥልቀቱ የነጩን ውፍረት ከሲሶ እስከ ግማሽ። ቅርጹ የኮስታራ አፍ ነው፦ መሐሉ ወደ ኮርኒያው ቀረብ ይላል፣ ጫፎቹ ይርቃሉ። የፈገግታ አፍ ከሠራችሁ ጫፎቹ ወደ ኮርኒያው ስለሚጠጉ ቁስሉ ይከፈታል፣ እይታውም ይዛባል።

አሁን ክሬሰንት ቢላው። ከጉድባው መሐል፣ ከታችኛው ወለል ጀምሩ። በግራ እጅ ፎርሴፕስ ከጉድባው ጎን ያለውን ነጭ ያዙ። የላይኛውን ከንፈር አትያዙት፤ ይቀደዳል። ቢላውን ወደ ፊት አትግፉት፤ ግራና ቀኝ እየጠረገ ይሂድ። እንጀራ ከምጣድ ስታወጣ እናት ሰፌዱን ወደ ታችም ወደ ላይም አትወጋውም፤ ለጥ አድርጋ ታሰርጋለች። እንደዚያ ነው።

ጥልቀቱን የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ነው። ቢላው በነጩ ስር ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት። ቁልጭ ብሎ ከታየ ጣሪያው ሳስቷል፤ ሊበሳ ነው። ጨርሶ ካልታየ ጠልቃችኋል፤ ወደ ውስጥ ልትገቡ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ነጩ አልቆ ኮርኒያው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ኮርኒያው ከነጩ ይልቅ ጎበጥ ያለ ነው። ቢላው በለመደው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጠርዙ ላይ ወደ ፊተኛው ክፍል ይዘልቃል። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ የቢላውን ተረከዝ ዝቅ፣ ጫፉን ቀና አድርጉ፤ የኮርኒያውን ጉብታ ይከተል። ጥርት ባለው ኮርኒያ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ግቡ። ከዚያ ወደ ጎኖቹ ጥረጉ። ዋሻው ከደጅ ይልቅ ከውስጥ ሰፋ ማለት አለበት፤ ኒውክለሱ የሚገባበት ጎድጎድ የሚገኘው በዚህ ነው። ራሱን በራሱ የሚዘጋውም ያ ኮርኒያ ውስጥ ያለው ከንፈር ነው፤ የዓይኑ ግፊት ከስር ሆኖ ይጫነዋል።

ብልሽት ሲመጣስ? ጣሪያው ከተበሳ በዚያው ቀዳዳ አትቀጥሉ። ጉድባውን ጠለቅ አድርጉና ካልተበሳው ጎን በአዲስ ወለል ጀምሩ። ቶሎ ወደ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ምልክቱ ፈሳሽ መፍሰስና አይሪሱ ብቅ ማለት ነው። ቁሙ። በሌላው ጎን ሳሳ ባለ ጥልቀት ጀምሩ፤ ብዙ ከተበላሸ ቁስሉን ሰፍታችሁ ሌላ ቦታ ክፈቱ። መጨረሻ ላይ የተበላሸው ቦታ በ10-0 ናይለን (እጅግ ቀጭን ክር) ይሰፋል። «ያለ ስፌት» የዘዴው ስም ነው እንጂ የክብር ጉዳይ አይደለም። የሚያጠራጥር ቁስል ይሰፋል፣ አለቀ።

ስለ ቢላ ደግሞ አንድ ነገር። በብዙ ቦታ ክሬሰንት ቢላ እየተቀቀለ ይደጋገማል። የደነዘዘ ቢላ መግፋት ይጠይቃል፣ የሚገፋ እጅ ደግሞ ድንገት ዘልቆ ይገባል። ለሠልጣኝ «አሮጌውን ስጡት፣ ይለማመድበት» የሚባለው ነገር የተገለበጠ አስተሳሰብ ነው። ስል ቢላ ለለማጅ ነው የሚገባው። ነባሩ በደነዘዘውም ይወጣዋል።

ዋሻውን ከላይ ወይስ ከጎን? ከላይ መሥራት ለእጅ ይቀላል፤ የላይኛው ቆብም ቁስሉን ይሸፍነዋል። ግን የአረጋውያን ኮርኒያ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጠፍጠፍ ያለው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ከላይ የተከፈተ ቁስል የእይታ መዛባቱን ያባብሰዋል። ሩይት ከጎን፣ በጆሮ ግንድ በኩል ነው የሚሠራው። እኔ መጀመሪያ ከላይ ይለመድ፣ እጅ ሲረጋ ወደ ጎን ይዛወር ባይ ነኝ።

ከዋሻው ወዲያ

የጎን ቀዳዳውን ክፈቱ። ሞራው ነጭ ከሆነ ትሪፓን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጨምሩ፤ ካፕሱሉ ካልታየ አይቀደድም። ክፍሉን በቪስኮ ሙሉ። ኬራቶሙን (ሹሉን መክፈቻ ቢላ) እስከ ዋሻው መጨረሻ አድርሳችሁ ጫፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጉ፤ ኮርኒያው ላይ ትንሽ ስርጉድ ሲታይ ግቡ። ወዲያው ከአይሪሱ ጋር ትይዩ አድርጉት። ስታሰፉ ቢላው የሚቆርጠው ሲገባ ነው። ሲወጣ እንዲቆርጥ አታድርጉ፤ ከንፈሩ ያጥራል።

ካፕሱሉን በክብ መቅደድ የተሻለ ነው፤ ሌንሱ መሐል ይቀመጣል። ግን ክቡ ከ6 ሚሊ ሜትር አይነስ። አንሶ ከተገኘ ጠርዙን በሁለት ቦታ ቁረጡት። ትልቅ ኒውክለስ በጠባብ ክብ ውስጥ እንዲወጣ መታገል ሌንሱን የያዙትን ክሮች ይበጥሳል። ቀዳዳ በቀዳዳ እየበሱ መክፈት ወይም ሩይት እንደሚያደርገው በሦስት ማዕዘን መክፈትም ይቻላል። በስፌት ዘዴ የመጣ ሐኪም የለመደውን አከፋፈት ይዞ ቢጀምር ነውር የለበትም።

ፈሳሽ ከካፕሱሉ ስር በቀስታ ስትረጩ የኒውክለሱ አንድ ጠርዝ ብቅ ይላል። ከስሩም ከላዩም ቪስኮ ስጡት፤ ከዚያ በመንጠቆ እያሽከረከራችሁ ወደ ፊተኛው ክፍል አውጡት። ከላይ ያለው ቪስኮ አይሰሰት። የኮርኒያው የውስጥ ሽፋን ሴሎች ከተፋቁ አይተኩም፤ በማግስቱ የምታዩት ደፍራሳ ኮርኒያ የዚህች ደቂቃ ውጤት ነው።

ማውጫው ብዙ ዓይነት ነው። ሰፋ ያለ ማንኪያ መሳይ፣ ውሃ የሚረጭ ቬክቲስ አለ። በኔፓል ላሃን አልብሬክት ሄኒግ የጀመረው፣ ከተራ መርፌ ጫፍ የሚታጠፍ መንጠቆ አለ። እስራኤላዊው ሚካኤል ብሉሜንታል ደግሞ በቋሚ የፈሳሽ ግፊት ኒውክለሱን ራሱ እንዲወጣ ያደርጋል። አሠልጣኛችሁ የሚያውቀውን አንዱን ይዛችሁ ጽኑ። ሦስቱንም በአንድ ወር መሞከር የትኛውንም አያስለምድም።

በቬክቲስ ከሆነ እንዲህ ነው፦ ከኒውክለሱ ስር ስታስገቡ ጠርዞቹ ይታያችሁ፤ አይሪስ አብሮ እንዳይያዝ። ውሃውን ሳትከፍቱ ቀስ ብላችሁ ወደ ዋሻው አፍ ሳቡት። ጠርዙ ዋሻው ውስጥ ሲሰካ ውሃውን ክፈቱና የታችኛውን ከንፈር ተጫኑ። የሚያወጣው ግፊቱ ነው፣ ጉልበት አይደለም። አልወጣ ካለ ዋሻው ጠቦ ነው። መልሱት፣ ቪስኮ ጨምሩ፣ ዋሻውን አስፉ።

ቀሪውን ኮርቴክስ በሲምኮ ካኑላ (እየረጨ በሚመጥ ቀጭን ቱቦ) ምጠጡ። ቀዳዳው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይይ። ከዋሻው ስር ያለው ኮርቴክስ መጨረሻ ይሁን፤ ካስቸገረ በጎን ቀዳዳ ግቡ። በኋለኛው ካፕሱል ላይ ወደ ካኑላው የሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ ካፕሱሉን ይዛችኋል። አትሳቡ። ወደ ኋላ ረጭታችሁ ልቀቁት።

ሌንሱ ቀላል ነው፦ የፊተኛው እግር ከካፕሱሉ ጠርዝ ስር ይግባ፣ የኋለኛው በማሽከርከር ይከተል። ቪስኮው ሙሉ በሙሉ ይታጠብ፤ የቀረ ቪስኮ ማታ ግፊት ይጨምራል። ዓይኑን አጠንክራችሁ ቁስሉን በደረቅ ስፖንጅ ፈትሹ። ፊተኛው ክፍል ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ሴፉሮክሲም መስጠት የውስጥ ዓይን ኢንፌክሽንን በጣም እንደሚቀንስ በአውሮፓ የተደረገውና በ2007 የታተመው ጥናት አሳይቷል። ሞክሲፍሎክሳሲን የሚጠቀሙም አሉ። የትኛውም ቢሆን ልኬቱን ሁለት ሰው ይይ።

የኋላ ካፕሱል ከተቀደደ

ክፍሉ ድንገት ከጠለቀ፣ ብሌኑ ከሰፋ ወይም ኮርቴክሱ መከተሉን ከተወ ጠርጥሩ። መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ዕቃውን ቶሎ ማውጣት ነው። እሱን አታድርጉ። ዕቃው ባለበት ሆኖ በሌላ እጅ ቪስኮ አስገቡ፣ ከዚያ አውጡ። ዓይኑ ከላላ ቪትረሱ (ከሌንሱ ኋላ ያለው ዝልግልግ ነገር) ተከትሎ ይወጣል። አሠልጣኙ ይረከባል። የወጣው ቪትረስ በቪትረክቶሚ ማሽን፣ ከሌለ በስፖንጅና በመቀስ ሳይጎተት ይቆረጣል። የካፕሱሉ ጠርዝ ከተረፈ ሌንሱ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ከግማሽ እስከ 1 ዳዮፕተር ይቀነሳል። ቁስሉ ይሰፋል።

ታካሚው ይሰማል

የደነዘዘው ዓይን ነው፣ ጆሮ አይደለም። ከድራፑ ስር ያሉት እማማ እያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ። «ወይኔ!»፣ «ኧረ ቀስ!» የሚሉ ቃላት ከክፍሉ ይውጡ። አሠልጣኝና ሠልጣኝ አስቀድመው ይስማሙ፦ «ዶክተር፣ ትንሽ አረፍ እንበል» ማለት እጅህን አቁም፣ ምንም አትንካ ማለት ነው። «ወንበር እንቀያየር» ማለት እኔ ልረከብ ነው። ሁለተኛው ሲባል ክርክር የለም። ክርክሩ ከኦፕሬሽን በኋላ ከቪዲዮው ጋር ይሆናል። ለታካሚዋም «እማማ፣ ደህና ነው፣ ሳል ከመጣብዎት ቀድመው ይንገሩን» የሚል ቃል በየመሐሉ ይድረሳቸው። ድንገተኛ ሳል ከቢላ ይብሳል።

ማግስቱና መዝገቡ

በማግስቱ ፋሻውን ራሳችሁ ፍቱ። እይታ፣ ኮርኒያ፣ የክፍሉ ጥልቀት፣ ቁስል፣ የዓይን ግፊት። ሕመም ከጨመረ፣ እይታ ከቀነሰ፣ ዓይኑ ከቀላ ያው ቀን እንዲመለሱ ለታካሚውም ለአስታማሚውም ንገሩ። ከሩቅ የመጡ ከሆነ ደጋግማችሁ ንገሩ፤ ስልክ ቁጥር በወረቀት ስጡ።

እያንዳንዱን ዓይን መዝግቡ፦ ከመሠራቱ በፊት የነበረው እይታ፣ የሞራው ዓይነት፣ የትኛውን ክፍል እናንተ እንደሠራችሁ፣ የገጠመ ችግር፣ በማግስቱና ከሳምንታት በኋላ ያለው እይታ። የዓለም ጤና ድርጅት የቆየው መለኪያ ባላቸው መነጽር 6/18 ወይም የተሻለ የሚያዩት ከ80 በመቶ እንዳያንሱ፣ ከ6/60 በታች የሚቀሩት ከ5 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠይቃል። አሁን ጥሩ የሚባለው እይታ ወደ 6/12 ከፍ ብሏል። ደካማ ውጤት ሲገኝ ምክንያቱን ከሦስት በአንዱ መድቡ፦ ዓይኑ ቀድሞ ሌላ በሽታ ነበረው፣ ኦፕሬሽኑ ተበላሸ፣ ወይስ መነጽር ብቻ ጎደለው? ሦስቱ የተለያየ መፍትሔ አላቸው።

ለአሠልጣኙ ደግሞ ኦስካር የሚባለው የዓለም አቀፉ የዓይን ሕክምና ምክር ቤት መመዘኛ ለዚህ ዘዴ ተዘጋጅቷል። ኦፕሬሽኑን ደረጃ በደረጃ ይመዝናል። «ጥሩ ነህ፣ በርታ» ከማለት «የዋሻህ ጥልቀት ገና ነው» ማለት ይጠቅማል።

መዝገቡ ላይ ካፕሱል መቀደድ እየራቀ፣ የማግስቱ ኮርኒያ እየጠራ ሲመጣ ለአሠልጣኝ ከተተዉት ታካሚዎች አንድ በአንድ ይከፈቱላችኋል። መጀመሪያ ሙሉ ነጭ ሞራ፣ በቀለም እየታገዘ። ከዚያ ጠንካራ ቡናማ፣ ሰፋ ባለ ዋሻ። ከዚያ ጠባብ ብሌን። ሱዶኤክስፎሊየሽን ከዚህ በኋላ ይምጣ፣ ለክፉ ቀን የሚሆነው ሌንስና የቪትረክቶሚ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ። አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው የመጨረሻው ነው። እሱንም ስትሠሩ አሠልጣኙ እዚያው ክፍል ውስጥ ጓንት አድርጎ ይቁም።